ሊቮንያን ማን ገዛት? ዛሩ፣ ባላባቱና መሬት ያጣው ገበሬ

ላትቪያና ኢስቶኒያ ዛሬ ለየራሳቸው አገሮች ናቸው። ከመቶ ዓመት ትንሽ ቀደም ብሎ ግን በመካከላቸው ድንበር አልነበረም። የኢስቶኒያ ደቡብና የላትቪያ ሰሜን አንድ ላይ ሆነው ሊቮንያ የሚባል የሩሲያ ጠቅላይ ግዛት ነበሩ። መቀመጫው ሪጋ ነው። ከ1710 እስከ 1917 ድረስ በዛሮች እጅ ቆየ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሩሲያ ግዛት ነበር ሲባል ሩሲያኛ የሚናገር ዳኛ፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሴንት ፒተርስበርግ የተላከ ሹም ይታየናል። ሊቮንያ ግን ለ170 ዓመት ገደማ እንዲህ አልነበረችም። ፍርድ ቤቱ የሚፈርደው በጀርመንኛ ነው። የከተማው ምክር ቤት የሚሰበሰበው በጀርመንኛ ነው። ዩኒቨርሲቲውም እንደዚያው። ቤተ ክርስቲያኑ ሉተራን ነው። መሬቱ የጀርመን ባላባቶች ነው። ሕዝቡ ደግሞ ጀርመንም ሩሲያዊም አይደለም። በሰሜን ኢስቶኒያኛ፣ በደቡብ ላትቪያኛ የሚናገር ገበሬ ነው። በ1897ቱ ቆጠራ ከ1.3 ሚሊዮን ገደማ ነዋሪ ውስጥ ጀርመኖቹ 8 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ሩሲያውያኑ ከእነሱም ያነሱ ነበሩ።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው። ከመቶ ስምንት የማይሞሉ ሰዎች፣ ያውም በሌላ መንግሥት ባንዲራ ሥር፣ አገር ይዘው እንዴት ይህን ያህል ዘመን ይቆያሉ? መልሱ ያለው በ1710 በተፈረመ ውል ላይ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ የገበሬው ነፃነትም፣ የሃይማኖት ለውጡም፣ የቋንቋ ጠቡም፣ የ1905ቱ እሳትም፣ ዞሮ ዞሮ የዚያ ውል ጣጣ ነው።

ውሉ

ጀርመኖቹ የመጡት በ13ኛው ክፍለ ዘመን መስቀልና ሰይፍ ይዘው ነው። ሪጋን በ1201 የቆረቆረው አልበርት የሚባል ጳጳስ ነው። የአገሬውን ሕዝብ በጦር አስገብረው፣ አጥምቀው፣ መሬቱን ተከፋፈሉት። ከዚያ ፖላንድ መጣች፤ ከዚያም ስዊድን። በ1621 ሪጋ በስዊድን እጅ ገባች። ጌታ ቢለዋወጥም ባላባቶቹ ከርስታቸው አልተነቀነቁም።

የነቀነቃቸው የስዊድኑ ንጉሥ ካርል 11ኛ ነው። በ1680ዎቹ «ይህ መሬት የዘውዱ ነው» ብሎ አብዛኛውን ርስት ወሰደባቸው። ዮሃን ፓትኩል የሚባል የሊቮንያ ባላባት ስለ ወገኖቹ አቤት አለ። ሞት ተፈረደበት፤ አመለጠ። በስደት ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው እየዞረ የስዊድን ጠላቶች ግንባር እንዲፈጥሩ ሲወተውት ከረመ። በ1700 ታላቁ የሰሜን ጦርነት ተነሳ። ፓትኩል ራሱ መጨረሻው አላማረም። በ1707 ስዊድኖች እጅ ገብቶ በመንኮራኩር ተቀጥቅጦ ተገደለ።

ታላቁ ጴጥሮስ በ1709 ስዊድኖችን ፖልታቫ ላይ ሰበራቸውና ፊቱን ወደ ሪጋ አዞረ። በከተማዋ ላይ የመጀመሪያዎቹን መድፎች የተኮሰው ራሱ ንጉሡ ነው። ከበባው ከርሞ ተሻገረ። ረሀቡ ሳያንስ ወረርሽኝ ተጨመረበት። በ1710 በጋ ሪጋ እጅ ሰጠች።

አሰጣጧ ግን እንዲሁ አልነበረም። ባላባቶቹና የከተማው ሹማምንት ቅድመ ሁኔታ አቀረቡ፤ ጴጥሮስም ተቀበለ። የሉተር ሃይማኖት ይጠበቃል። አስተዳደርና ፍርድ በጀርመንኛ፣ በጀርመን ሕግ ይቀጥላል። ባላባቶቹ በራሳቸው ጉባኤ አገሩን ያስተዳድራሉ። ስዊድን የወሰደችው ርስትም ይመለስላቸዋል። ስዊድን በ1721 በኒስታድ ስምምነት ግዛቱን በይፋ ስትለቅ እነዚህ መብቶች እዚያም ውስጥ ገቡ። ጴጥሮስ በዚሁ ስምምነት 2 ሚሊዮን የብር ታለር ለስዊድን ከፈለ። በጦር የያዘውን አገር እንደገና በገንዘብ ገዛው ማለት ነው።

ድል ያደረገ ንጉሥ ለምን ይህን ሁሉ ይፈቅዳል? ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ወደብ ይፈልግ ነበር፤ አገኘ። ጸጥ ያለ ድንበር ይፈልግ ነበር፤ አገኘ። ከሁሉ በላይ የተማረ ሰው ይፈልግ ነበር። የባልቲክ ጀርመኖች ለሩሲያ ጦርና መሥሪያ ቤት ጄኔራልና ሹም እያፈሩ ለ200 ዓመት አቀረቡለት። ናፖሊዮን በ1812 ሩሲያን ሲወር የጦር ሚኒስትር የነበረው ባርክሌይ ደ ቶሊ የሪጋ ከንቲባ የልጅ ልጅ ነው። እና ልውውጡ ግልጽ ነው፤ ባላባቱ ለዛሩ ታማኝ ይሆናል፣ ዛሩ ደግሞ በባላባቱ ቤት ጣልቃ አይገባም።

ገበሬው በዚህ ውል ላይ ስሙም የለበትም።

ወሬ ካነሳን አይቀር፣ ከዚሁ ዘመን የሁለት ሰዎች ታሪክ አለ። አንዷ ማርታ ናት። ማሪየንቡርግ በምትባል የሊቮንያ ከተማ በአንድ ቄስ ቤት ያደገች አገልጋይ ነበረች። ቄሱ ኤርንስት ግሉክ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላትቪያኛ የተረጎመው ሰው ነው። በ1702 ሩሲያውያን ከተማዋን ሲይዙ ተማረከች። ከእጅ ወደ እጅ አልፋ ጴጥሮስ ዘንድ ደረሰች፤ አገባት። በ1725 እሱ ሲሞት ቀዳማዊት ካትሪን ተብላ የሩሲያ ዙፋን ላይ ተቀመጠች።

ሌላው የእኛን አንባቢ ይበልጥ ይመለከተዋል። ጴጥሮስ በልጅነቱ አስመጥቶ ያሳደገው አፍሪካዊው አብርሃም ሃኒባል በ1730ዎቹ መጀመሪያ የሊቮንያዋ ፓርኑ ውስጥ ለወታደር ተማሪዎች ሒሳብና የምሽግ አሠራር አስተምሯል። ኋላም ከ1742 ጀምሮ ለ10 ዓመት የጎረቤቷ የታሊን ምሽግ አዛዥ ነበር። ትውልዱ ከእኛ አካባቢ ነው የሚሉ አሉ፤ የለም ከቻድ ሐይቅ አቅራቢያ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። የልጅ ልጁ ልጅ ባለቅኔው ፑሽኪን ነው። ሳር ቤት አካባቢ ያለው አደባባይ በስሙ የተጠራለት።

ገበሬው የማን ነው?

ውሉ ለባላባቱ መሬቱን መለሰለት። ከመሬቱ ጋር በላዩ ያለውን ሰው ጭምር። በ1739 ከፒተርስበርግ «በሊቮንያ የገበሬው መብት ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። የባላባቶቹን መልስ የጻፈው ፎን ሮዘን የሚባል ሹማቸው ነው። መልሱ ቁርጥ ያለ ነበር። ገበሬው ራሱ የጌታው ንብረት ነው፤ ያለው ሀብትም የጌታው ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም። በዚያው ክፍለ ዘመን በሊቮንያ ያገለገለ ሁፐል የሚባል የሉተራን ቄስ አገሩን ዞሮ ያየውን ጽፏል። ሰው በፈረስ፣ በውሻ፣ በትንባሆ ፒፓ ሲለወጥ አይቷል። የጻፈው ተቃዋሚ ሆኖ አይደለም። የአገሩን ልማድ እንደሚመዘግብ ሰው ነው የጻፈው። እኔን የሚገርመኝም ይኸው ረጋ ብሎ መጻፉ ነው።

ታላቋ ካትሪን በ1764 ሊቮንያን ጎበኘች። ያየችው ሳይከነክናት አልቀረም፤ በማግስቱ ዓመት አገረ ገዥዋ ብራውን ለባላባቶቹ ጉባኤ «ገበሬው ላይ ልክ አብጁ» አላቸው። እየተነጫነጩ አንዳንድ ነገር ፈቀዱ። ገበሬው ጌታውን መክሰስ ይችላል ተባለ። ክሱ ሐሰት ነው ከተባለ ግን ከሳሹ ይገረፋል። የሚፈርዱትም እነዚያው ባላባቶች ናቸው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባል የለ? እዚያ የማይከሰሰው ባላባቱ ነው።

በ1802 ካውጉሪ በምትባል ቦታ አመፅ ተነሳ። የግብር አከፋፈል ለውጥ ሲታወጅ ገበሬው ለጌታው የሚሠራው ሥራ የቀረ መስሎት ነበር። ወታደር መጣ፤ መድፍ ተተኮሰ። ዛር ቀዳማዊ አሌክሳንደር ከዚህ በኋላ ሁለት ሕግ አወጣ። ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

የመጀመሪያው የ1804ቱ ነው። ገበሬው ነፃ አይወጣም። ነገር ግን መሬት ሳይኖረው ለብቻው አይሸጥም። የሚያርሰውን ማሳ ለልጁ ማውረስ ይችላል። ለጌታው የሚሠራው ሥራም በመሬቱ መጠን ተለክቶ ይጻፋል።

ሁለተኛው የ1819ኙ ነው። ገበሬው ነፃ ሰው ይባላል። መሬቱ ግን ሙሉ በሙሉ የባላባቱ ነው። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ወገኖች «በነፃ ስምምነት» ይዋዋላሉ። ነፃ ስምምነት የሚለው በወረቀት ላይ ያምራል። አንዱ ወገን መሬት ሁሉ አለው፤ ሌላው ምንም የለውም። አንዱ የአካባቢውን ፖሊስ ይዟል፤ የመግረፍ ሥልጣንም አልተነሳበትም። ሌላው ደግሞ ወደ ሌላ አካባቢ ሄዶ ሥራ ልፈልግ ቢል ይከለከላል። ስለዚህ በውል የሚከፈለው ኪራይ ያው የድሮው ነው፤ በሳምንት ይህን ያህል ቀን ለጌታው ማረስ። ገበሬው ገባር መሆኑ ቀርቶ ጭሰኛ ሆነ። በ1804 ያገኘውን የማሳ ዋስትናም በዚያው አጣው። እዚያ አገር ይህን ነፃነት «የወፍ ነፃነት» ሲሉት ኖረዋል።

ነፃነቱ ይዞት የመጣው አንድ ነገር የቤተሰብ ስም ነው። በ1820ዎቹ እያንዳንዱ ቤተሰብ መጠሪያ እንዲይዝ ታዘዘ። አንዱ ከዛፍ፣ አንዱ ከወፍ፣ አንዱ ከእርሻው ስም ወሰደ። ለብዙው ግን ስም ያወጡለት ጌታው ወይም ቄሱ ናቸው። ዛሬ የላትቪያና የኢስቶኒያ ስልክ ማውጫ ውስጥ ጀርመንኛ የሚመስል ስም የበዛው በከፊል ከዚያ የተነሳ ነው።

የዛሩ ሃይማኖት

በ1840ዎቹ የሆነውን ሳልዘረዝር አላልፍም። ሊቮንያን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ በር ያለ አይመስለኝም።

በ1841 ረሀብ ገባ። በደቡብ በኩል «ሞቃት አገር» አለ፣ ዛሩ ለሚመዘገብ ሰው መሬት ይሰጣል የሚል ወሬ ተነዛ። ገበሬው ሥራውን እየጣለ ሪጋ ሄዶ ተሰለፈ። እዚያ ያለው የኦርቶዶክስ ጳጳስ አቤቱታ ሲቀበል ባላባቶቹ ጮኹ፤ ጳጳሱ ከሪጋ ተነሱ። የተሰለፉት ደግሞ ተገረፉ።

በ1845 ወሬው ሌላ መልክ ይዞ ተመለሰ። የዛሩን ሃይማኖት የያዘ ለነፍስ ወከፍ መሬት ያገኛል ተባለ። ከ1845 እስከ 1848 ባለው ጊዜ ብቻ በሊቮንያ ከ100 ሺህ በላይ የላትቪያና የኢስቶኒያ ገበሬዎች ከሉተራን ወደ ኦርቶዶክስ ገቡ። ቅዳሴው በቋንቋቸው ተተርጉሞ ቀረበላቸው። ይህ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሉተራኑ ቄስ በላትቪያኛ ቢሰብክም ጀርመን ነው፣ እራቱን የሚበላው ከባላባቱ ጋር ነው።

የፒተርስበርግ ሰዎች ተጨነቁ። ቀዳማዊ ኒኮላይ አጥባቂ ኦርቶዶክስ ነው፤ ወደ ሃይማኖቱ የመጣን ሰው እንዴት ይመልሳል? በሌላ በኩል ግን ገበሬ በጌታው ላይ ሲነሳ ማየት አይፈልግም። መንግሥት «ሃይማኖት በመለወጥ መሬት አይገኝም» ብሎ አስነገረ። ለመመዝገብ የመጣውም 6 ወር እንዲቆይ ታዘዘ፤ ረጋ ብሎ እንዲያስብበት መሆኑ ነው። ማን ይስማ! ገበሬው ነገሩን የተረዳው በራሱ መንገድ ነው፤ ዛሩ ሊሰጠን ፈልጎ ባላባቱ ደበቀን አለ።

መሬቱ አልመጣም። አንዳንድ ባላባት እንዲያውም የተለወጠውን ጭሰኛ ነቀለው። ብዙዎች ወደ ድሮው ቤተ ክርስቲያናቸው መመለስ አማራቸው። እዚህ ላይ የሩሲያ ሕግ ፊቱን አሳየ። ወደ ኦርቶዶክስ መግባት ይቻላል፤ መውጣት ወንጀል ነው። ተጸጽተው የመጡትን ያቆረበ የሉተራን ቄስ ይከሰሳል። ሁለተኛው አሌክሳንደር በ1865 ትንሽ አላላው፤ ተከታዩ መልሶ አጠበቀው። ከኦርቶዶክስ በነፃ መውጣት የተፈቀደው በ1905 ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ በመዝገብ ኦርቶዶክስ፣ በልቡ ሉተራን የሆነ ሕዝብ ነበር። በልቡም ኦርቶዶክስ ሆኖ የጸና ነበር። «ለመሬት ብለው ነው» ብሎ መደምደም ይቀላል። መሬትም፣ ክብርም፣ እምነትም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው እንደሚያድሩ የረሳ ነው እንዲያ የሚል።

መሬት በግዢ

ባላባቶቹም ሁሉም አንድ ዓይነት አልነበሩም። ሃሚልካር ፎን ፎልከርዛም የሚባል ለዘብተኛ ከመካከላቸው ተነስቶ «ካልሰጠን እንጠፋለን» ብሎ ተከራከረ። በ1849 የወጣው ሕግ የእሱ እጅ አለበት። ሕጉ የጌታውን እርሻና ገበሬው የሚያርሰውን መሬት በመስመር ለየው። ከመስመሩ ወዲህ ያለውን ጌታው ለራሱ እርሻ መጠቅለል አይችልም፤ ለገበሬ ማከራየት ወይም መሸጥ አለበት። በ1860ዎቹ ገበሬው እንደ ልቡ ተንቀሳቅሶ መሥራት ቻለ። የጌታ ግርፋት ቀረ። በ1868 በጉልበት የሚከፈል ኪራይ ተከለከለ።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ከተልባ እግር። አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነቷ ጥጥ መላክ ሲያቅታት፣ ከተልባ ግንድ የሚገኘው የጨርቅ ክር ዋጋው ተተኮሰ። በቪልያንዲ አካባቢ ያሉ የኢስቶኒያ ገበሬዎች በዚያ ገንዘብ እርሻቸውን ገዙ፤ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲው ወዳለባት ከተማ ወደ ታርቱ ላኩ። ጉረኛ ሀብታም የሚል ስምም ወጣላቸው።

ማንበብ ድሮም ያውቁ ነበር። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ማንበብ የማይችልን አታቆርብም ነበርና በዚህ አካባቢ ማንበብ የሚችለው ሰው ብዛት ከሌላው የሩሲያ ግዛት ጋር አይወዳደርም። መሬት ሲጨመርበት ጋዜጣ መጣ፣ ማኅበር መጣ። በ1869 ታርቱ ውስጥ የመጀመሪያው የኢስቶኒያ የመዝሙር በዓል ተካሄደ። ዘማሪዎቹ ወንዶች ብቻ ነበሩ። ሰበቡ ምን መሰላችሁ? የ1819ኙ ነፃነት ሃምሳኛ ዓመት። ያንን መሬት አልባ ነፃነት አመስግኑ ተብሎ ፈቃድ ተገኘ፤ ሕዝቡ ግን የተሰበሰበው ለራሱ ነው። ላትቪያውያኑ በ1873 ሪጋ ላይ ተከተሉ።

ዛሩ ውሉን ሲቀድ

በሩሲያ በኩል «አገራችን ውስጥ ጀርመን አገር ምን ይሠራል?» የሚሉ እየበዙ ነበር። ዩሪ ሳማሪን የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ከሪጋ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ይህንኑ አለ። በ1849 ቀዳማዊ ኒኮላይ 12 ቀን ምሽግ ውስጥ አሳሰረው። ዛሩ ለባላባቶቹ የተሰጠ ቃል እንዲነካ አልፈለገም።

እያንዳንዱ ዛር ሲነግሥ የ1710ሩን መብት ያጸና ነበር። ሦስተኛው አሌክሳንደር በ1881 ሲነግሥ አላጸናም። ቀጥሎ ሴናተር ማናሴይን ለምርመራ ተላከ። የላትቪያና የኢስቶኒያ ገበሬዎች በሺዎች የሚቆጠር አቤቱታ አቀረቡለት፤ ዛሩ በመጨረሻ ደረሰልን ብለው።

ደረሰ፤ ግን እነሱ የጠበቁትን ይዞ አይደለም። በ1885 የመንግሥት ሥራ በሩሲያኛ ሆነ። በ1887 ትምህርት ቤቱ። በ1889 ፍርድ ቤቱ። በ1893 የታርቱ ዩኒቨርሲቲ ሩሲያኛ ሆኖ ከተማዋም ዩሪዬቭ ተባለች። በራሱ ቋንቋ ፊደል ይቆጥር የነበረ የገበሬ ልጅ አሁን የማያውቀው ሩሲያኛ ተጫነበት። የባላባቶቹ ጉባኤ ግን አልተነካም። ርስታቸው አልተነካም። ቄስ የመሾም መብታቸውም አልተነካም። ዛሩ ከውሉ ውስጥ የቋንቋውን ገጽ ቀደደ፤ የመሬቱን ገጽ ተወው። በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ጀርመኑን አስቀየመ፣ ገበሬውንም አላተረፈ።

በዚህ መካከል ሪጋ አበጠች። ፋብሪካ፣ ባቡር፣ ወደብ። ከእርሻ የተነሳው ሕዝብ ሠራተኛ ሆኖ ገባባት። በጥር 1905 ሰልፈኛ ላይ ተተኩሶ ከ70 በላይ ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ እሳቱ ወደ ገጠር ተዛመተ። በባልቲክ ግዛቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ የባላባት ቤቶች ተቃጠሉ። ቀጪ ጦር መጣ፤ ከ1,000 በላይ ሰው ያለ በቂ ፍርድ ተረሸነ። ባላባቶቹ ከዛሩ ወታደር ኋላ ተጠለሉ። ገበሬው ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት የጀመረው ያኔ ነው። ዛሩ ደግ፣ ባላባቱ ክፉ የሚለው የአባቶቹ እምነት አበቃ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጠነ። በ1917 ዛሩ ወረደ። ጊዜያዊው መንግሥት ሊቮንያን በቋንቋ ከፈላት፤ ሰሜኑ ወደ ኢስቶኒያ ሄደ። ሁለቱ አገሮች በ1918 ነፃነታቸውን ሲያውጁ አንዲት ከተማ አላግባባቸው አለች፤ ሁለቱም ሕዝብ ተቀላቅሎ የሚኖርባት ቫልካ። በ1920 ታለንትስ የሚባል እንግሊዛዊ ኮሎኔል ዳኛ ሆኖ መስመሩን በከተማዋ መሀል አሰመረው።

የመሬቱ ገጽ የተቀደደውም ያኔ ነው። ኢስቶኒያ በ1919፣ ላትቪያ በ1920 የባላባቶቹን ርስት ወርሰው ለገበሬው አከፋፈሉ። ላትቪያ ውስጥ ለባለርስቱ የተተወለት 50 ሄክታር ገደማ ነበር። የቀሩት ጀርመኖች አብዛኞቹ በ1939 መጨረሻ፣ ሂትለርና ስታሊን ከተዋዋሉ በኋላ፣ «ወደ አገራችሁ» ተብለው በመርከብ ተጫኑ። 700 ዓመት ከኖሩበት ተነስተው የሰፈሩት ከፖላንድ በተነጠቀ መሬት ላይ ነው።